ምሰሶዎቻችንን ሳይረፍድ እናጠንክር
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)





ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በባዶ እግራችን ደረጃ መውረዳችንን ማናችንም አንረሳም። ሕፃን የታቀፈ ነበር፤ ነጠላ ብቻ ደርቦ የወጣም ነበር። ያ ርዕደ መሬት የተነሣው ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው። መጠኑም 5 ነጥብ 7 ገደማ ነበር። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴ ፈራርሳለች፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ወድማለች።

«የእኛ ቤት አርማታ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። አርማታም ይፈርሳል። መሬት ወደ ጎን ሲነቀንቀው ሕንፃውን የሚይዘው ምሰሶው ነው። በምሰሶው ውስጥ የቆመውን ፌሮ አቅፎ የሚይዘው ደግሞ ስታፋው ነው። ስታፋው ከተራራቀ ፌሮው ይጎብጣል፣ ኮንክሪቱ ይፈረካከሳል፣ ከላይ ያለው ሶሌታ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሳንደባበቅ እንነጋገር። ምድር ቤት ያለን ሰዎች ሱቅ ለመክፈት የብሎኬት ግድግዳ አፍርሰናል። ላይኛው ፎቅ በግድግዳ ተይዞ ታችኛው ባዶ ሲሆን ነውጡ በሙሉ ታች ባሉት ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። በፈረንጆች 1999 ቱርክ አገር ከ17 ሺህ በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ሥራቸው ሱቅ የሆነ ፎቆች ነበሩ። ጣሪያ ላይ የሰቀልነው የአንድ ሺህ ሊትር ታንከርም ሲሞላ አሥር ኩንታል ነው። ቧንቧ ለማሳለፍ ምሰሶ ሲፈለፈልም ኮሚቴያችን ቆሞ አይቷል። ጥፋቱ የእኛም ነው።

መድኃኒት ግን አለው። ባለሙያ አስቀድሞ ሕንፃውን በድጋፍ ያስይዛል። ከዚያ የምሰሶው ልስን ተነሥቶ፣ አሮጌው ኮንክሪት ተጭሮ፣ በዙሪያው አዲስ ፌሮና ጠበቅ ያለ ስታፋ ታስሮ እንደገና አርማታ ይሞላበታል። ፌሮው መሠረቱ ድረስ መውረድ አለበት። ለምሰሶው ካፖርት እንደ መደረብ ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ ከታች እስከ ላይ የአርማታ ግድግዳ ይጨመራል። ነገር ግን አንዱ ጎረቤት የራሱን ምሰሶ ብቻ ቢያደነድን፣ ሕንፃው ባንድ ወገን ጠንክሮ በሌላው ይላላና ሲነቀነቅ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ሥራው የጋራ ነው፤ ሒሳቡም የጋራ ነው።

ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳም ሆነ ምሰሶ ያለ መሐንዲስ ቃል አይነካ። ሁለተኛ፣ ሕንፃዎቹን የሚመረምር መሐንዲስ ለመቅጠር እንደ አቅማችን እናዋጣ፤ ጡረተኛና አቅመ ደካማ አይገደድ። ሦስተኛ፣ ሱቅ ያላችሁ ወገኖቻችን በሥራው ጊዜ ገበያችሁ ስለሚጎዳ፣ ማካካሻው በዚሁ ስብሰባ ይመከርበት። የልጆቻችሁ እንጀራ መሆኑን አንዘነጋም።

የፈጣሪን ጥበቃ ሁልጊዜ እንለምናለን። እሱም የምንሠራበት እጅ ሰጥቶናል። ያን ሌሊት ሁላችንም ወደየቤታችን በሰላም ተመልሰናል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሁ እንመለሳለን ብሎ ማን ዋስ ይሆናል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አሁን እጃችሁን አውጥታችሁ ድምፅ ስጡ።



የማኅበሩ ጸሐፊ