ፊደሉ ምን ይወክላል? ስለ አልጀብራዊ አገላለጽና ስለ እኩልነት ዓረፍተ ነገር



ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983) አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከሞንትሪያል ተነሥቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሲበር፣ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር እያንሸራተቱ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኀይል ማረፊያ አወረዱት፤ ከተሳፋሪዎቹም አንድ ሰው እንኳ አልሞተም።

የአደጋው ምንጭ አንዲት ቀላል የአልጀብራ ጥያቄ ነበረች። የነዳጅ ማመልከቻው ስላልሠራ በጋኖቹ ውስጥ የነበረው በእጅ ተለክቶ 7,682 ሊትር ሆኖ ተገኘ። ለጉዞው የሚያስፈልገው ግን 22,300 ኪሎ ግራም ነው። የአንዱ ሊትር ክብደት «ሀ»፣ የሚጨመረው ሊትር «ለ» ቢባል፣ ነገሩ እንዲህ ይጻፋል፦

ሀ × (7,682 + ለ) = 22,300

በዓረፍተ ነገሩ ላይ እንከን የለም። ሠራተኞቹም በማባዛትና በማካፈል አልተሳሳቱም። «ሀ»ን 1.77 አድርገው 4,917 ሊትር ያህል እንደሚጨመር አገኙ። ዳሩ ግን 1.77 የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ እንጂ በኪሎ ግራም አይደለም፤ በኪሎ ግራም 0.8 ገደማ ነው። በዚህኛው ቢሰላ ከ20,000 ሊትር በላይ መጨመር ይገባ ነበር። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ነዳጅ ይዞ ተነሣ። በኦታዋ እንደገና ተለክቶ ስሌቱ ቢደገምም፣ ያው 1.77 ስለ ተወሰደ ስሕተቱ ሳይታይ አለፈ።

እዚህ ላይ በአገላለጽና በእኩልነት መካከል ያለውን ልዩነት ማጤን ያሻል። «ሀ × (7,682 + ለ)» ብቻውን ሲቆም «ትናንት ከጎንደር የመጣው እንግዳ» እንደ ማለት ነው፤ አንድ ነገር ይጠቁማል እንጂ ስለዚያ ነገር ምንም አይናገርም፤ አንባቢው ግሡን ይጠብቃል። በአልጀብራ ግሡ የእኩልነት ምልክቱ ነው። ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1557 ያወጣው የዌልስ ተወላጁ ሮበርት ሬኮርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ ይበልጥ እኩል የሆነ ነገር የለም በማለት ነበር። ብዙዎች ግን ምልክቱን «ውጤቱ ይህ ነው» እንደሚል ቀስት ያነቡታል። «5 + 3 = 8 × 2 = 16» የሚል ጽሑፍ በተማሪ ደብተር ብቻ ሳይሆን በተመረቀ መሐንዲስ የስሌት ወረቀትም ላይ አይጠፋም፤ 5 + 3 ግን 16 ሆኖ አያውቅም።

በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖረው አል ኽዋሪዝሚ አልጀብራን የጻፈው ያለ አንዳች ምልክት፣ በቃል ብቻ ነው። «አል ጀብር» የተሰበረን መልሶ መጠገን ማለት ሲሆን፣ በስፔን አገር ወጌሻም ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ይጠራ ነበር። የአንድ ቁጥር ካሬ ከዐሥር እጥፉ ጋር ተደምሮ 39 ቢሆን ቁጥሩ ስንት ነው ሲል፣ ካሬ ሥሎ፣ 25 ጨምሮ 64 ያደርሰዋል፤ የ64 ጎን 8 ነው፤ 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። አጻጻፉ ረዥምና አድካሚ ቢሆንም እያንዳንዱ ነገር በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1591 ፈረንሳዊው ቪየት ፊደላትን በስልት ማሠራት ከጀመረ ወዲህ ግን ሥራው እጅግ አጠረ፤ ፊደሉም ስሙንና መለኪያውን ከራሱ ጋር ይዞ አይዞርም።

የቦይ ውሃ ፍጥነት የሚሰላበት የማኒንግ ቀመር በሜትር ሲሠራ በ1፣ በጫማ ሲሠራ ግን በ1.49 ይባዛል። ቀመሩን ከመጽሐፍ ገልብጦ ቁጥር የሚከት መሐንዲስ የገጹን ርእስ ካላነበበ፣ ቦዩ ከታሰበው ውጭ ይሆንበታል። ስለዚህ በስሌት ወረቀት ራስጌ ላይ የእያንዳንዱ ፊደል ትርጉምና መለኪያ ሊጻፍ ይገባል። ይህ የጀማሪ ሥራ ነው ብሎ መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። በሞንትሪያል ወረቀት ላይ ከ1.77 አጠገብ «ፓውንድ በሊትር» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ በግራ በኩል ፓውንድ፣ በቀኝ በኩል ኪሎ ግራም ተፋጥጠው ይታዩ ነበር፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ነበር።