ከፍጡሩ በፊት ሕጉ



በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ ስለ ኮምፒውተር እንድናገር ተጋብዣለሁ። ወላጆች አትስጉ፣ ካሬ ደብተርና እርሳስ ይበቃናል።

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ማሽን የራሱን ቢጤ ሊወልድ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ወዳጁ ስታኒስላው ኡላም ነገሩን በካሬዎች በተከፋፈለ ሰሌዳ ላይ እንዲሞክረው መከረው። ፎን ኖይማንም እያንዳንዱ ካሬ ከ29 ሁኔታዎች አንዱን የሚይዝበት ዓለም ነደፈ። የአንድ ካሬ ነገ የሚወሰነው በራሱና በአጎራባቾቹ የዛሬ ሁኔታ ብቻ ነው። ሴሉላር አውቶማታ የሚባለው ይኸው ነው። ፎን ኖይማን በ1957 ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ አርተር በርክስ አሟልቶ በ1966 አሳተመው።

በ1970 ለሕዝብ የቀረበው የጆን ኮንዌይ ሕግ ደግሞ ሁለት ሁኔታ ብቻ ነው ያለው፤ ሕያውና ሙት። ሕያው ካሬ በዙሪያው ካሉት ስምንት ካሬዎች ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሕያዋን ከሆኑ ይተርፋል፤ አለዚያ ይሞታል። ሙት ካሬ በትክክል ሦስት ሕያዋን ጎረቤቶች ካሉት ሕያው ይሆናል። በቃ። ከዚህ ውስጥ ግላይደር የሚባል ባለ አምስት ካሬ ቅርጽ ወጣ፤ በየአራት እርምጃው አንድ ካሬ በሰያፍ ይጓዛል። ሕጉን ደጋግማችሁ አንብቡት፣ «ተጓዝ» የሚል ትእዛዝ አታገኙበትም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው ሠራሽ ሕይወት ልሥራ ብሎ የሚነሣ ፕሮግራመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍጡሩ ነው። ዓይን ይሰጠዋል፣ እግር ይሰጠዋል፣ «ረሃብ» የሚባል ቁጥር ይመድብለታል። ፍጡሩ የሚኖርበት ፊዚክስ ትዝ የሚለው በመጨረሻ ነው። እንዲህ የተሠራ ፍጡር ከፕሮግራመሩ አሳብ ብዙም አይርቅም። በአንጻሩ ተመራማሪው ክሪስቶፈር ላንግተን በ1984 ራሱን የሚያባዛ ቀለበት ሲሠራ፣ ቀለበቱ ከመነሻ ቅርጹና ከሰሌዳው ሕግ ውጭ ምንም አልነበረውም። ሂሮኪ ሳያማ በ1999 ያንን ሕግ አሻሻለው፤ ቀለበቶቹ እየተጋጩ ይለወጡ ጀመር፣ በሽሚያውም ትናንሾቹ እያየሉ ሄዱ። ትናንሾቹ ያሸንፉ ብሎ የጻፈ ግን የለም።

ሕግ ሁሉ ግን ሕይወትን አይሸከምም። በኮንዌይ ዓለም ሕያው ካሬ ከጎረቤቶቹ ምንም ሳይወስድ ይወለዳል፣ ያለ ዱካም ይጠፋል። የሚቆጠብና የሚወረስ ነገር የለም። የግላይደሩን አንድ ካሬ ብትነኩ ቅርጹ ይፈርሳል፤ ሕያው ነገር ደግሞ ቁስሉን ያድናል። ሌንያ የሚባለው የቤርት ቻን ዓለም ካሬዎቹን ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ማናቸውም ቁጥር ስለሞላቸው፣ ብዙዎቹ ፍጡራን ሲነኩ ተንገዳግደው ይመለሳሉ። ተከታዩ ፍሎው ሌንያ የጠቅላላው ቁስ መጠን እንዳይለወጥ አደረገ። እኔን የሚማርከኝ ይህ መንገድ ነው።

አሁን ከዳንግላ በአዲስ ቅዳም አድርጋችሁ ወደዚህ ስትመጡ ያያችሁትን ላንሣ። የፋግታ ለኮማ ወረዳን የሸፈነው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ ሰሌዳ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ዓለም ነው። ማሳው አሲዳማ ሆኖ እህል ሲለግም ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ዛፉ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ከሰል ይሆንና ማሳው ወደ ጤፍ ይመለሳል። የጎረቤት ዛፍ ጥላ ጤፉን ሲያቀጭጭበት፣ ያልተከለውም ለመትከል ይገፋፋል። በአገራችን የመሬት አጠቃቀም ለውጥን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ሴሉላር አውቶማታን የለውጥን ዕድል ከሚያሰላው የማርኮቭ ስሌት ጋር አጣምረው የነገውን ካርታ ሲገምቱ የሚከተሉት ይህንን ዓይነት አካሄድ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዲከረንሱን የዝገት በሽታ መትቶታል። በሽታው ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገር ፈንገስ ስለሆነ ለሰሌዳው ይመቻል። ካሬዎችን በዘፈቀደ በዛፍ ሙሉና በሽታው በአራት አቅጣጫ ብቻ ይተላለፍ በሉ። ከሰሌዳው 59 በመቶ ያህሉ ዛፍ እስኪሆን ድረስ በሽታው በየደሴቱ ታግቶ ይቀራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ከዳር እስከ ዳር መንገድ ያገኛል። እርግጥ የፋግታ ለኮማ ማሳ በዘፈቀደ አልተተከለም፣ የፈንገሱን ብናኝም ነፋስ አርቆ ይወስደዋል። ስለዚህ 59ን ይዛችሁ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ።

የሚቀረው ሥራ የእናንተ የተመራቂዎቹ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የዛፉን ዕድሜ፣ በማሳዎች መካከል የሚቀረውን የጤፍ ስፋት በሕጉ ውስጥ አስገቡ። ዛፉን በአንድ ጊዜ ከመትከል በየዓመቱ እየከፋፈሉ መትከል በሽታውን ያዘገየው እንደሆነ ፈትሹ። ስክሪኑን መጀመሪያ የምታሳዩት ዛፉን ለተከሉት ወላጆቻችሁ ይሁን፤ ሕጋችሁ የሳተበትን ካሬ ከመምህራኑ ቀድመው የሚያሳዩአችሁ እነሱ ናቸው።