የልጅ ፓስፖርት ጉዳይ የሚጀምረው ከማዋለጃ ክፍል ነው
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለወላጆች የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የልጆች ፓስፖርት ነው። አብዛኞቻችን ይህ ጉዳይ ትዝ የሚለን አያት ታመሙ ተብሎ፣ ወይም ለሠርግ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ስንጣደፍ ነው። ነገሩ ግን የተጀመረው ልጁ ናይሮቢ በተወለደበት ቀን ነው።

«ልጄ ኬንያ ስለተወለደ ኬንያዊ ነው» የሚል ወላጅ ዛሬም አይጠፋም። የኬንያ የልደት ምስክር ወረቀት መወለድን እንጂ ዜግነትን አይመሰክርም። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው የትውልድ ዜግነት የሚሰጠው ከወላጆቹ አንዱ ኬንያዊ ለሆነ ልጅ ነው። የእኛም የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ስለዚህ የሁለት ኢትዮጵያውያን ልጅ ፓስፖርት ካልወጣለት የማን ዜጋ እንደሆነ የሚያሳይበት ሰነድ የለውም።

ትልቁ ችግር ስም ነው። የልደት ማሳወቂያው የሚሞላው እናትየዋ ገና ከአልጋ ሳትነሣ ነው። ጸሐፊዋ የቤተሰብ ስም ትጠይቃለች፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። በዚህ መካከል የእናትየዋ አባት ስም የልጁ አባት ስም ሆኖ ይገባል፤ ወይም አባቱ ተዘሎ አያቱ ይጻፋል። «ፀሐይ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፍ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኤምባሲ ሲደረስ የአባት ፓስፖርት አንድ ስም፣ የልጁ ወረቀት ሌላ ስም ይዞ ይገኛል።

ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና እስክናነሣ ስም ሳንቆርጥ የምንቆይም አለን። (ሙስሊም ወንድሞቻችን በሰባተኛው ቀን ስም በማውጣት ይቀድሙናል።) በኬንያ ሕግ ልደት በስድስት ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ዘግይቶ የመጣ ተብሎ ሌላ ጣጣ አለው። ከተመዘገበ በኋላ ስም ለማስገባት ወይም ለመለወጥ የሚፈቀደው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው።

ትልልቅ ልጆች ያሏችሁ አንድ ነገር ተመልከቱ። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ወላጆች ጋብቻቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረቡ ወይም ሁለቱም አብረው ካልጠየቁ የአባት ስም አይመዘገብም ነበር። በዚያ ዓመት የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ድንጋጌ ሻረው። በአባት ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህ ባዶ ቦታ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጁ ፓስፖርት ሳያስፈልገው በፊት ይስተካከል።

ምክሬ አጭር ነው፦ ከመውለድ በፊት የአባትንና የእናትን ስም ከፓስፖርታቸው ፊደል በፊደል ገልብጣችሁ በወረቀት ያዙ። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ መስከረም 2 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ለእነሱ የሴፕቴምበር 12 ቀን 2005 ልጅ ናት። ምስክር ወረቀቱንም ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። ኤምባሲው የሚጠይቀው ሰነድና ክፍያ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ከኬንያዊ ጋር ለተጋባችሁ፦ አዋጃችን ጥምር ዜግነት አይቀበልም። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ቀኑን ከአሁኑ መዝግቡት።

በስደተኛነት የተመዘገባችሁ ወገኖቻችን ግን መንገዳችሁ ሌላ ነው። የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 28 የራሱ የጉዞ ሰነድ አለው። በፈቃድ ወደ አገር ኤምባሲ ሄዶ ፓስፖርት መጠየቅ ደግሞ የስደተኝነት መብትን ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። እናንተ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት የሕግ ምክር ጠይቁ።