ዕድገታችን ለእንግዳውም ይድረስ



ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ድኻውም ባለጸጋውም ያዋጣው ገንዘብ ፍሬ ሲያፈራ አይተን ኮርተናል፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ተሰደው በመካከላችን የሚኖሩት ከዚህ ዕድገት ምን ይካፈላሉ?

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት፣ በባንክ የመገልገልና የልጆቻቸውን ልደት የማስመዝገብ መብት ሰጥቷቸዋል። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ እጅ ይዞ የሚያስገባ ግን ጎረቤት ነው። ስለዚህ ያጠመቅነው የስደተኛ ሕፃን የልደት ምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን እንጠይቅ፤ ከሌለው ከወላጆቹ ጋር ወደ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት እንሂድ። ሐዘን ሲደርስባቸውም ዕድራችን አብሯቸው ይቁም። ያን ጊዜ ኩራታችን ምሉዕ ይሆናል።