የአእምሮ ሐኪም «ተረቱን ፍታልኝ» ሲል
በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



በደስታ ቀን ስለ በሽታ መናገር ላያምር ይችላል። ሆኖም ከመካከላችን ወንድሙን ወይም ልጁን ይዞ የአእምሮ ሐኪም ደጅ የጠና አለና ስለ አንድ ፈተና ላውራችሁ።

ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም ያወጡት የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተሙት መጽሐፍ ከበሽታው ዋና ምልክቶች አንዱ የሐሳብ መያያዣ መላላት ነው ብለዋል። ይህን መላላት ለመፈተን ከተቀየሱት ዘዴዎች አንዱ ምሳሌያዊ አነጋገር ማስፈታት ነው። በእኛው እንሞክረው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ምን ማለት ነው ቢባል አብዛኛው ሰው «ኅብረት ኃይል ነው» ይላል። አንዱ «ድሩ ከወፈረ አንበሳው አያመልጥም» ቢል፣ ቃሉን እንጂ ምሥጢሩን አልያዘም ይባላል። ሌላው ግን «ድር የሸረሪት ነው፤ ሸረሪት ስምንት እግር አላት፤ በስምንት ቁጥር አውቶቡስ የሚመጡት ሐሳቤን ይሰሙታል» ቢልስ? ሐኪሙን ይበልጥ የሚያሳስበው ይኸኛው ነው። እያንዳንዱ ቃል ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፤ ጠቅላላው ግን የትም አያደርስም።

ችግሩ ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲሆን ይብሳል። «በመስታወት ቤት የሚኖር ድንጋይ አይወርውር» የሚለውን የፈረንጆች አባባል ሰምቶ የማያውቅ የአገራችን ሰው «መስታወቱ እንዳይሰበር ነዋ!» ቢል ምን ይደንቃል? አሜሪካዊቷ ሐኪም ናንሲ አንድሪያሰን በ1979 ያወጡት መለኪያ ተረት ከማስፈታት ይልቅ የሰውየውን ንግግር በማዳመጥ 18 ዓይነት መዛባቶችን ይመዝናል። እንዲህ ያለው መዛባት በማኒያ ሕመም ላይም ስለሚታይ ብቻውን የበሽታውን ስም ለመስጠት አይበቃም።

አደራ የምላችሁ ስለ ማስተርጎም ነው። እኛ የወንድማችንን ገመና ለመሸፈን ስንል የተበታተነውን ንግግር አቃንተን «እንዲህ ማለቱ ነው» እንላለን። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን የተበታተነውን ነው! ስለዚህ አስተርጓሚ ይቅረብልን በሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስተርጓሚውንም ትርጉም ባይሰጥ እንኳ እንደ ወረደ እንዲያስተላልፍ ንገሩት።

የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። ልጁ ድሮ እንዴት ይናገር ነበር? በሰምና ወርቅ መጫወት ልማዱ ነው ወይስ አሁን የመጣ? ለውጡ የጀመረበትን ወር ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።