የደን መሬት ለአገሬው ሲመለስ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከቴፒ ተነሥቶ ወደ ማሻ የሚሄድ መንገደኛ፥ የቡናውን አገር ትቶ ወደ ደጋው ሲወጣ፥ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጌጫን ያገኛል። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ተተክሏል፤ ከእንሰቱ ወዲያ ደኑ ይታያል። ያ ደን ለእንግዳ ሰው ባለቤት የሌለው ዱር ይመስለዋል። ለአገሩ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። በሸካ ባህል ደኑ ኮቦ በሚባል ሥርዓት የተከፋፈለ ነው። በየክፍሉ ቀፎውን የሚሰቅልና ማሩን የሚቆርጥ የታወቀ ባለመብት አለ፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ዴዶ የሚባሉት ሥፍራዎች ደግሞ ለአምልኮ የተለዩ ስለ ሆኑ፥ ምሳር እንዳይነሣባቸው ባህሉ ይከለክላል።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። መንግሥት በመሬት ላይ ያለውን ሥልጣን ከማዕከል ወደ ክልል፥ ከክልልም ወደ ዞንና ወደ ወረዳ ሲያወርድ፥ ሥልጣኑ እስከ ባለቀፎው ድረስ ይደርሳልን? ወይስ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ጽሕፈት ቤት ተዛውሮ ይቀራል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1948 ዓ. ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጹ፥ በማንም ስም ያልተያዘውን ሀብት፥ እንዲሁም ደኑንና የግጦሹን መሬት ሁሉ፥ የመንግሥት ሀብት አደረገው። የኮቦ ወሰን በሰው ልብና በሽማግሌ ቃል እንጂ በመዝገብ የተጻፈ ስላልነበረ፥ አገሬው የሚያውቀው ባለቤት በሕግ ዓይን እንደሌለ ተቆጠረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ የገጠር መሬትን ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ የእርሻ መሬት ፈቀደ። ይህ አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ እጅ ያወጣ ታላቅ ለውጥ ነበር። ይሁን እንጂ ዋናው አሳቡ ስለሚታረሰው መሬት ስለ ነበረ፥ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ የሚኖረው ሰው ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፥ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ ማውጣት የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ሲሆን፥ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን ማስተዳደር የክልሎች ሆነ። ነገር ግን ሥልጣን እንደሚወርድ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ከ2001 ዓ. ም. ጀምሮ አንዳንድ ክልሎች ከ5,000 ሄክታር በላይ የሆነውን የኢንቨስትመንት መሬት እንዲያስተዳድርላቸው ለፌዴራሉ የግብርና ሚኒስቴር ውክልና ሰጥተው ነበር። በ2014 ዓ. ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት፥ የሸካ ጉዳይ ከሐዋሳ ወደ ቦንጋ ቀረበ። ይህ መቅረብ መልካም ነው። ነገር ግን ቢሮው ስለ ቀረበ ብቻ መብቱ ቀረበ ማለት አይቻልም።

ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው በአከላለሉ ላይ ነው። በ1997 ዓ. ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የደን መሬትን ከመንግሥት ይዞታ መካከል ቆጥሮት ነበር። ይኸው አዋጅ ለአካባቢው ነዋሪ ለጋራ ግጦሽና ለደን የተሰጠውን መሬት የወል ይዞታ ብሎታል። በ2016 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ይህን አዋጅ ተክቶታል፤ በመንግሥት ይዞታና በወል ይዞታ መካከል ያለው ልዩነት ግን ቀጥሏል። እንግዲህ አንዱ ደን፥ ገመዱን በሚጥለው ሰው ፈቃድ፥ ከሁለቱ ወደ አንዱ ሊገባ ይችላል። የመንግሥት ይዞታ ከተባለ ለሻይ ወይም ለቡና ተክል በውል ሊሰጥ ይችላል፤ በሸካም የደን መሬት ለዚህ ሥራ ሲውል ታይቷል። የወል ይዞታ ከተባለ ግን ነዋሪው በጉዳዩ ውስጥ ባለቃል ይሆናል። በ2010 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን ደን ከግል፥ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ለይቶ በስሙ ስላወቀው፥ በሩ ተከፍቷል። የቀረው ገብቶ መጻፍ ነው።

እርግጥ ነው፥ የሚቃወም አይጠፋም። ወረዳው ገቢ ያስፈልገዋል፤ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል፤ ነዋሪውም ራሱ ደን ይመነጥራል ይባላል። ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም። ከዚህም በላይ የቀድሞው ሥርዓት ራሱ ፍጹም አልነበረም፤ የማንጆ ወገኖቻችን ኑሯቸው ከደኑ ጋር የተጣበቀ ሳለ፥ ተንቀውና ከብዙ መብት ተገልለው ኖረዋል። ስለዚህ የአባቶችን ሥርዓት እንዳለ ገልብጦ መጻፍ የቀድሞውን በደል በማኅተም ማጽናት ይሆናል። ነገር ግን የጎደለውን ማረም አንድ ነገር ነው፤ ያለውን እንደሌለ መቁጠር ሌላ ነገር ነው።

ሌላውም አገር ይህን ጥያቄ አንሥቷል። ሕንድ በ1999 ዓ. ም. ባወጣችው የደን መብት ሕግ፥ የባለመብቶችን ጥያቄ ተቀብሎ መመርመር የሚጀምረው የመንደሩ ጉባኤ እንዲሆን ደነገገች። የአፈጻጸሙ ችግር ብዙ ቢሆንም፥ መነሻው ትክክል ነው፤ ወሰኑን የሚያውቀው ሰው አስቀድሞ ይናገራል፥ ባለሥልጣኑም ሰምቶ ያጸናል።

ለእኛም የሚበጀን ይህ ይመስለኛል። ወሰን ሲከለል ቀያሹ ከባለኮቦዎቹና ከማንጆዎቹ ጋር ደኑን በእግሩ ይዙር። የሴቶች ስም ከወንዶች ስም ጋር በመዝገቡ ይግባ። በወሰኑ የተከፋ ሰው ሳይውል ሳያድር የሚሰማው ዳኛ ያግኝ። ደኑ ከሚያስገኘው ጥቅምም ለጠባቂው ድርሻ ይመደብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ለአንድ የደን ዘበኛ የሚከብደው ጥበቃ ለመንደሩ ሁሉ ሲካፈል ይቀልላል።

የሸካ ደን ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ይዞ በ2004 ዓ. ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ዓለም የመዘገበው ደን እስከዚያ ቀን ድረስ የቆየው ግን፥ በማንም መዝገብ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ስለ ጠበቁት ነው። መሬቱን ለአገሬው መለስን ብለን በሙሉ አፋችን የምንናገረው፥ የእነዚህ ሰዎች ስም በጌጫ መዝገብ ተጽፎ ሲገኝ ነው።