የመንገድና የቤት ስም ለምን ይጻፋል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወራላችሁ ስለ ሩቅ አገር ነው፤ ነገሩ ግን ከእድራችን ሥራ አይርቅም። በስኮትላንድ ኤዲንብራ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ስሟ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ከመቅደላ ተወስዶ የነበረ ታቦት በዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። ከእንግዲህ የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌው ከተማ ከኮረብታው ምሽግ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት በሚወርድ አንድ አውራ ጎዳና ላይ የተሠራ ነው። ከጎዳናው ግራና ቀኝ «ክሎዝ» የሚባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ። ስማቸውን ያወጣው በአብዛኛው የሰፈሩ ሰው ነው። ወደ ሥጋ ገበያው የሚወስደው ፍሌሽማርኬት ክሎዝ፣ ወደ ዓሣ ገበያው የሚወስደው ፊሽማርኬት ክሎዝ ተባለ። አድቮኬትስ ክሎዝ የተባለው ደግሞ ከ1692 ጀምሮ የአገሩ ዋና ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በሰር ጄምስ ስቱዋርት ሹመት ነው። ሜሪ ኪንግስ ክሎዝስ? ሜሪ ኪንግ በ1600ዎቹ ባሏ ሞቶባት ጨርቅ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ከ1753 ጀምሮ ትልቅ ሕንፃ ሲሠራ መተላለፊያው ከሕንፃው ሥር ቀረ፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።

ታዲያ ምክንያቱ ያልተጻፈ ስም ይጣመማል። እዚያው ካነንጌት የሚባል ሰፈር አለ። «ጌት» በእንግሊዝኛ በር ነውና ሰው የካህናት በር ይመስለዋል። በጥንቱ የአገሩ አነጋገር ግን ቃሉ መንገድ ማለት ነው፤ ስሙም በ1128 ከተመሠረተው የሆሊሩድ ገዳም ካህናት የመጣ ነው። ካውጌትም እንዲሁ የከብት መንገድ ነው እንጂ የከብት በር አይደለም። ደግሞም ባለቤቱ ሲለወጥ የክሎዙም ስም ይለወጥ ስለነበር አንዱ ቦታ በአሮጌ ውሎች ላይ በሁለትና በሦስት ስም ይገኛል። ይህን ያላወቀ አንዱን ቦታ ሦስት አድርጎ ይቆጥራል።

መፍትሔያቸው መዝገብ ሆነ። በ1854 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1855 ጀምሮ የእያንዳንዱ ቤት ባለቤት፣ ተከራይ፣ ነዋሪና የኪራይ ግምት በየዓመቱ ይመዘገብ ጀመር። በዚያው ክፍለ ዘመን የመንግሥት ካርታ ሠሪዎች በየአገሩ እየዞሩ የቦታዎችን ስም በደብተር ጻፉ፤ ስሙን፣ ልዩ ልዩ አጻጻፉን፣ ቦታው ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም ማን እንደመሰከረ። ምስክሮቹ ቄሱ፣ አስተማሪው፣ ባለርስቱ ነበሩ። በ1996 ደግሞ ስቱዋርት ሃሪስ የተባሉ ሰው የኤዲንብራን የቦታ ስሞች በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አወጡ።

በጽሕፈት ሥራ ያረጀነውን ሰዎች ከሁሉ ደስ ያሰኘን ያ የምስክር ዓምድ ነው። ማን እንደተናገረው ያልተጻፈ ቃል ነገ ክርክር ያመጣላ!

እኛስ? የቤት ቁጥር አለን፤ ለግብርና ለመብራት ሒሳብ ይበቃል። ሰው ሲሞት ግን ለቅሶ ደራሹ ቁጥር አይጠይቅም፤ «የማን ቤት አጠገብ ነው?» ነው የሚለው። ወፍጮው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም «ወፍጮ ቤቱ ጋ» እንላለን። ወፍጮውን ያየ ሰው ሲያልፍ ልጆቻችን ምኑን ያውቁታል? ሰፈር ሲፈርስና ሰው ሲበተን ደግሞ ስሙም አብሮ ይበተናል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። በእድሩ መዝገብ ከአባሉ ስም ጎን አራት ዓምድ ይጨመር፤ ቤቱ የሚጠራበት ስም፣ የቀድሞ ስሙ፣ ለምን እንደተባለ፣ ማን መቼ እንደነገረን። ከእድሜ ባለጠጎቹ እንጀምር፤ እነሱን ለነገ ማለት አይገባም። መዝገቡን እኛ እናሰምራለን፤ ቃሉን እናንተ ስጡን።